መጀመሪያ ቀለብ፣ ከዚያ ጥሪት፦ የድሃ ድሃ ቤተሰብን ለማቋቋም የሚረዳ መመሪያ

ለአንድ ድሃ ቤተሰብ በጎች ተሰጥተው በዓመቱ ሲሄዱ ጋጣውን ባዶ ማግኘት በብዙ ወረዳዎች የታየ ነው። የሰጠው ወገን «አያያዝ አያውቁም» ብሎ ይደመድማል። በጎቹ በየትኛው ወር እንደተሸጡ መጠየቅ ግን ነገሩን ይገልጠዋል። መልሱ ብዙ ጊዜ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ነው፤ አሮጌው እህል ያለቀበት፣ አዲሱም ያልደረሰበት ወቅት። ቤተሰቡ ልጆቹን ለማብላት ከእጁ ላይ ያለውን ብቸኛ ነገር ሸጧል፤ እናንተም ብትሆኑ ይህንኑ ታደርጉ ነበር።

ይህ መመሪያ ከ20 እስከ 50 ቤተሰብ ለማቋቋም ለሚነሳ ዕድር፣ የቀበሌ ኮሚቴ፣ የተወላጆች ማኅበር ወይም ከውጭ አገር ገንዘብ አዋጥቶ ወደ ቀዬው ለሚልክ ማኅበር ነው። የሚናገረው ስለ ደጋና ወይና ደጋ አራሽ አካባቢ ነው፤ ለአርብቶ አደር አካባቢ ወራቱም ከብቱም ሌላ ነው። ከሁሉም በላይ መጠበቅ ያለበት ቅደም ተከተሉ ነው፦ የቤቱ ባዶ ወራት ሳይሸፈኑ ጥሪት አይሰጥም፣ ቁጠባ ሳይለመድ ብድር አይታሰብም።

ድህነቱን በወራት ቁጠሩት

የኢትዮጵያ የድህነት ወለል የሚሰላው አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚያገኝበትን ምግብና ከምግብ ውጭ ያሉ መሠረታዊ ነገሮችን ለመግዛት ከሚያስፈልገው ወጪ ነው። በዚህ ልኬት ከወለሉ በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 ከመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 ከመቶ ወረደ። ዓለም ባንክ አገሮችን የሚያወዳድርበት መስመር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በቀን 3 ዶላር ሆኗል። እነዚህ ቁጥሮች አገርን ለማየት ይጠቅማሉ። አንድን ቤት ለማወቅ ግን አይበቁም፤ በጥር የጠገበ የገበሬ ቤት በሐምሌ ሊራብ ይችላልና። ስለዚህ ቤቱን በ12 ወር ዘርግታችሁ እዩት።

አምስት ነፍስ ያለበት፣ ግማሽ ሄክታር መሬት ያለው፣ በሬ ግን የሌለው ቤት እንውሰድ። በሬ ያለው ጎረቤት መሬቱን በእኩል ያርሰዋል። ስንዴው 8 ኩንታል ቢሰጥ 4ቱ የአራሹ ነው። ከቀሪው ግማሽ ኩንታል ለዘር ይቀመጣል፤ 1 ኩንታል በታኅሣሥ፣ ገበያው በረከሰበት ጊዜ፣ ለዕዳ ይሸጣል። ለመብል የሚተርፈው 2 ኩንታል ተኩል ነው። በልማታዊ ሴፍቲኔት (መንግሥት የምግብ ክፍተት ላለባቸው ቤቶች በሚሰጠው ድጋፍ) ሲሠራበት በቆየው ስሌት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢታሰብ፣ ቤቱ በወር 75 ኪሎ ይበላል። 250 ኪሎ ለ75 ሲካፈል ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ቤት የገባ እህል የመጋቢትን አጋማሽ አይደርስም።

ከዚያ በኋላ የቀን ሥራ፣ የማገዶ ሽያጭና የዘመድ እጅ ይመጣል። በየወሩ ከእነዚህ የሚገባውን በእህል ለውጣችሁ ጻፉ፤ ከ75 ኪሎ በጣም የሚጎድሉትን ወራት በቀይ አክብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ናቸው። ክፋቱ ደግሞ እነዚህ ወራት የራስ ማሳ ዘርና አረም የሚፈልግባቸው መሆናቸው ነው። አባወራው ለዕለት ጉርስ የሰው ማሳ ሲያርም የራሱ በአረም ይዋጣል፤ የከርሞው ባዶ ወር እዚያው ይዘራል።

ስሌቱን በትክክል ከሠራችሁት ሁለት ነገር ይታያችኋል። በሬ ማጣት ብቻውን ይህን ቤት 4 ኩንታል፣ ማለትም ከአምስት ወር በላይ ቀለብ ያስከፍለዋል። በታኅሣሥ በርካሽ የወጣው ኩንታል ደግሞ በሐምሌ በውድ ዋጋ ተመልሶ ይገዛል። ይህን ቤት «ሥራ ጠሉ» ብሎ መምከር ምንም አይለውጥም።

የድሃ ድሃውን መለየት

ልየታ በቀበሌ ደረጃ አይሠራም፤ ሰው በትክክል የሚተዋወቀው በጎጥ ነው። በአንድ ጎጥ ከ8 እስከ 12 ሰው ምረጡ፤ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ፤ የቀበሌ አመራር ከሁለት አይብለጥ። ስም ከመነሳቱ በፊት መስፈርቱ ላይ ተስማሙ። ስም ቀድሞ ከተነሳ መስፈርቱ ለሰው ይሰፋል። ሴፍቲኔቱ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የያዘው መስፈርት፣ ማለትም ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ 3 ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት መኖሩ፣ ጥሩ መነሻ ነው። በላዩ ላይ የአካባቢውን ምልክት ጨምሩ፦ የሚያርስበት በሬ አለው ወይስ መሬቱን በእኩል ሰጥቷል? ባለፉት ሁለት ዓመታት ለቀለብ ብሎ የሸጠው ከብት አለ? አራጣ ተበድሯል? ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ አለ?

ከዚያ የእያንዳንዱን ቤት ስም በአንድ ካርድ ጻፉ፤ ማንበብ ለማይችሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ካርዶቹ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ድሃና የድሃ ድሃ ተብለው በአራት ክምር ይቀመጡ። ይህንኑ ሥራ ሌላ ቡድን፣ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ፣ በሌላ ቀን ይድገመው። ሁለቱ የተስማሙባቸው ቤቶች ጸድቀዋል፤ ያልተስማሙባቸውን ቤት ለቤት ሄዳችሁ እዩ። ዝርዝሩ በሰንበቴ፣ በመስጊድና በዕድር ስብሰባ ይነበብ፤ ለ10 ቀን ይለጠፍ። ቅሬታ የሚሰሙት ሰዎች ከመራጮቹ የተለዩ መሆን አለባቸው። መራጩ ራሱ ዳኛ ከሆነ ማንም ቅሬታ አያቀርብም።

ልየታውን የሚያበላሹት ነገሮች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው «ለሁሉም ትንሽ ትንሽ» ነው። የአምስት ሰው ቀለብ ለሁለት ቤት ሲከፈል፣ ወይም ከአንድ ቤት አምስት ነፍስ ሁለቱ ብቻ ሲመዘገቡ፣ ለመራጩ ሰላም ይሰጣል፤ የማንንም ባዶ ወር ግን አይሞላም። ገንዘቡ ለ20 ቤት ከሆነ 20 ቤት ብቻ፣ የቤቱ ሰው ግን በሙሉ ይመዝገብ። ሁለተኛው የሚረሱት ሰዎች ናቸው፦ ከሌላ ቦታ መጥተው የሰፈሩ፣ በስብሰባ የማይታዩ አካል ጉዳተኞች፣ በአባታቸው ስም የሚቆጠሩ መሬት አልባ አዲስ ተጋቢዎች፣ ባል ጥሏቸው የሄደ ሴቶች። «ካርድ ያልተጻፈለት ማን አለ?» የሚለውን ጥያቄ ለሴቶቹ ለብቻቸው አቅርቡ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለውን ስም የሚያወጡት እነሱ ናቸው።

የተለዩትን በጉልበት ክፈሏቸው። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ በጽኑ የታመሙና የሚሠራ ሰው የሌለበት ቤት በግ አያስፈልጋቸውም፤ ቋሚ ቀለብና ሕክምና ነው የሚያስፈልጋቸው። ሴፍቲኔቱ «ቀጥታ ድጋፍ» የሚለው ይህን ነው። እነዚህን ሰዎች «እንዲመረቁ»፣ ማለትም ራሳቸውን ችለው ከድጋፍ እንዲወጡ፣ መጠበቅ ጭካኔ ነው። ከዚህ በታች ያለው የሚመለከተው ሠርቶ የሚያድር ሰው ያለበትን ቤት ነው።

ቀለቡ

በቀይ ለተከበቡት ወራት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ያዙ። ገበያው ቅርብ ከሆነና እህል በብዛት ካለበት ጥሬ ገንዘብ ይሻላል፤ በሰኔ ዋጋው የሚሰቀልበት ወይም በክረምት መንገድ የሚቆረጥበት ቦታ ከሆነ እህሉን ቀድማችሁ በጥር ግዙና አስቀምጡ። በፒክስ ከረጢት (ሁለት ላስቲክና አንድ የማዳበሪያ ጆንያ በድርብ) በደንብ የደረቀ እህል ያለ መድኃኒት ከነቀዝ ይተርፋል። የሚከሽፈው በሁለት ምክንያት ነው፦ እህሉ ሳይደርቅ ሲገባና አየሩ ሳይወጣ ሲታሰር። እያንዳንዱን ላስቲክ ለብቻው ጠምዝዙና እሰሩ፤ አይጥ እንዳይበሳውም ከግድግዳ አርቁት።

ቀለብ ከመጠኑ ይልቅ በመዘግየቱ ይከሽፋል። የሰኔ ቀለብ በነሐሴ ሲመጣ ቤቱ ቀድሞ ተበድሯል፤ የመጣው እህል ወደ አበዳሪው ያልፋል። ወሩ በገባ በ5 ቀን ውስጥ ማድረስ ካልቻላችሁ የቤቶቹን ቁጥር ቀንሱ እንጂ ቀኑን አታስተላልፉ።

የቁጠባ ሣጥን

ቀለቡ በጀመረ በመጀመሪያው ወር ከ15 እስከ 25 ሰው ያለው የቁጠባ ቡድን ይቋቋም። እቁብ አለን የሚል ሰው አይጠፋም። እቁብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ልጅ በታመመ ሳምንት አይደርስም። ዕድርም በአብዛኛው የሚደርሰው ለቀብር ነው። ኬር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ የጀመረውና ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የሣጥን ቁጠባ ግን እነዚህን ክፍተቶች እንዲሞላ የተሠራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሦስት ቁልፍ የሚገባበት የብረት ሣጥን ይገዛል፤ ሦስቱ ቁልፎች የኮሚቴ አባል ባልሆኑ ሦስት ሰዎች እጅ፣ ሣጥኑ በአራተኛ ሰው ቤት ይቀመጣል። ስብሰባው በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት ነው። አባሉ በአንድ ስብሰባ ከ1 እስከ 5 እጣ (የቁጠባ ድርሻ) ይገዛል፤ የአንድ እጣ ዋጋ በቡድኑ ድሃ አባል አቅም ይወሰናል። ዋጋው ከፍ ካለ የድሃ ድሃው በሁለት ወር ውስጥ ይወጣል፤ ቡድኑ የነጋዴ ይሆናል። ለእያንዳንዱ እጣ በደብተሩ ላይ ማኅተም ይመታል፤ ማንበብ የማይችልም ይቆጥረዋል። ገንዘቡ በሁሉም ፊት ተቆጥሮ ድምሩ ጮክ ተብሎ ይነገራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት አባላቱ ድምሩን ከቃላቸው ይናገራሉ። ይህች ትንሽ ልማድ ከማንኛውም ኦዲት ይልቅ ገንዘቡን ትጠብቃለች።

ብድር የሚጀመረው ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ነው። ጣሪያው የተበዳሪው ቁጠባ ሦስት እጥፍ፣ ጊዜው እስከ 3 ወር። ወለዱን ቡድኑ ይወስናል፤ ሃይማኖታቸው ወለድ የሚከለክል አባላት ባሉበት ያለ ወለድ ይሠራል። ለሕመምና ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ትንሽ መዋጮ በተለየ ከረጢት ይቀመጥ፤ ከብድሩ ጋር አይቀላቀል። ዙሩ በ9 ወይም በ12 ወር ተዘግቶ ገንዘቡ በእጣ ልክ ይከፈላል። ክፍፍሉ በግንቦት እንዲውል አድርጉ፤ ለዘርና ለማዳበሪያ አራጣ የሚፈለግበት ጊዜ ነውና። ከገና ወይም ከፋሲካ በፊት ከሆነ ለበዓል ያልቃል።

ጥሪቱ

ጥሪት የሚሰጠው ቤቱ ቢያንስ አንድ ክረምት በቀለብ ካለፈና ቁጠባውን 3 ወር ሳያቋርጥ ከያዘ በኋላ ነው። ምርጫው የቤተሰቡ ይሁን፤ እናንተ ግን የሚሞተውንና የማይሸጠውን ቀድማችሁ አስወግዱ። ብራክ በተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባንግላዴሽ ውስጥ የተጀመረው፣ ቀለብ፣ ጥሪት፣ ሥልጠና፣ ቁጠባና ጉብኝትን አጣምሮ የሚሰጠው ዘዴ ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ከ10,000 በሚበልጡ ቤተሰቦች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል። ድጋፉ ከቆመ ከዓመት በኋላም በጠቅላላው ሲታይ ቤተሰቦቹ ከበፊቱ የተሻለ ይበሉና ጥሪት ነበራቸው። ሆንዱራስ ላይ ግን ወጪው አልተመለሰም፤ ብዙዎች የመረጧቸው የተሻሻሉ ዝርያ ዶሮዎች በበሽታ አለቁ። እኛም ጋ ፈንግል አንድን መንደር በሳምንት ያራቁታል። የፈንግል ክትባት በየጊዜው የማይደርስበት ቦታ ዶሮን ዋና ጥሪት አታድርጉ።

በሬስ? የምሳሌው ቤት የጎደለው በሬ ነው፤ ግን አንድ በሬ ብዙ ገንዘብ ነው፤ ቢሞት ሁሉም ይሞታል፤ ብቻውንም አያርስም። መቀናጆ የሚሆን ባለ አንድ በሬ ጎረቤት መኖሩ ከተረጋገጠ ያስኬዳል። ካልሆነ ከበግ ተነስቶ ወደ ወይፈን መድረስ ይሻላል። ለአንድ ቤት ሦስት እናት በግ፣ ለአምስት ወይም ለስድስት ቤት በጋራ አንድ አውራ በግ ስጡ። በግ በ5 ወር ትወልዳለች፤ በጥሩ አያያዝ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች፤ ለዕቅድ ግን ሁለት ጊዜ ብላችሁ አስሉ። ሦስቱ 6 ግልገል ይሰጣሉ፤ ሁለቱ ቢሞቱ አራት ይቀራሉ፤ ሴቶቹ ይቀመጣሉ፣ ወንዶቹ ደልበው ለወይፈን መግዣ ይሸጣሉ። አውራው ሴት ልጆቹ ለስሪያ ሳይደርሱ ከሌላ ቡድን አውራ ጋር ይቀየር፤ ካልተቀየረ መንጋው ይቀጭጫል።

ግዢው ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። 60 በግ በአንድ ቀን ልግዛ የሚል ኮሚቴ ዋጋ ያስወድዳል፤ ነጋዴው የታመመውንም ይዞ ይመጣል። በሁለት ወር ከፋፍላችሁ፣ በአቅራቢያ ገበያ፣ ባለቤቷ ራሷ መርጣ እንድትገዛ አድርጉ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አብሮ ይሂድ። የበጓን ከንፈር ገልጣችሁ የታች ጥርሷን ቁጠሩ፤ ሁለት ወይም አራት ትልልቅ ቋሚ ጥርስ ያላት ወጣት ናት፤ ጥርሷ የተበላ ወይም የወለቀ ከሆነ ተዋት። የጀርባ አጥንቷን በእጅ ዳብሱ፤ እንደ መጋዝ የሚቆረቁር ከሆነ ከስታለች። ጡቷ ውስጥ ደንዳና እብጠት ካለ ግልገሏን አታጠባም። ጅራቷ ሥር የተለጠፈ ፋንድያ ተቅማጥን ያሳያል። አሯሩጧት፤ ሳል ከያዛት አትግዟት። ከገና፣ ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት ሳምንታት ምንም አትግዙ።

የተገዙት በጎች ከነባሩ ከብት ጋር ሳይቀላቀሉ 2 ሳምንት ይቆዩ፤ በዚህ ጊዜ «ደስታ መሰል» የተባለውን የበግና የፍየል ተላላፊ በሽታና የበግ ፈንጣጣን ይከተቡ፤ የውስጥ ጥገኛ ትል መድኃኒት ይውሰዱ። መኖ ከበጎቹ ይቀድማል፤ ድርቆሽ ያልከመረ፣ በጓሮው ዳር እንደ ትሪሉሰርን ወይም ሰስባንያ ያለ የመኖ ዛፍ ያልተከለ ቤት በበጋው መጨረሻ በጎቹን ለመሸጥ ይገደዳል። የሚደልብ ወንድ በግ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜ 90 ቀን ያህል ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረለት ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል። ከጠቅላላው በጀት 10 ከመቶ ለሞቱ በጎች መተኪያ ያዙ፤ የሚተካው ግን ሞቷ በታወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ለጤና ባለሙያው ለተነገረ በግ ብቻ ይሁን።

ጉብኝትና ምረቃ

በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው በ15 ቀን አንድ ጊዜ አንድ ሰው ቤቱ ድረስ ይሂድ። ከ30 ቤት በላይ ለአንድ ጎብኚ አትስጡ። ጎብኚው የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ጎተራው፣ ጋጣው፣ የቁጠባ ደብተሩ። ደብተሩ ላይ ለሦስት ሳምንት ማኅተም ከጠፋ ቤቱ ውስጥ ችግር ገብቷል፤ ከብቱ ሳይሸጥ የሚደረስበት ጊዜ ያኔ ነው።

ምረቃን በኮታ አታድርጉ። «ዘንድሮ 15 ቤት ይመረቅ» የሚል ዕቅድ ሲወርድ ኮሚቴው ያልጠገበውን ጠግቧል ብሎ ይጽፋል። አንድ ቤት የሚመረቀው ሁለት ተከታታይ ክረምት ያለ ቀለብ ድጋፍና ጥሪት ሳይሸጥ ሲያልፍ፣ ያደረ ዕዳ ሳይኖርበትና ከበጎቹ ሌላ ቢያንስ አንድ የገቢ መንገድ ሲኖረው ነው። ድርቅ ወይም ዋግ በመታበት ዓመት ምረቃ የለም፤ የተመረቀውም ያለ አዲስ ልየታ ለባዶ ወሩ ቀለብ ይሰጠው።

ከኮሚቴው አቅም በላይ የሆነው

ከላይ ያለው ሁሉ በሁለት ነገር ሊፈርስ ይችላል፤ ሁለቱም ወረዳው ጋ ናቸው። አንደኛው ሕመም ነው። የአንድ ሰው ቀዶ ሕክምና የሁለት ዓመት ጥሪት ይበላል። ስለዚህ ሁሉም ቤት በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ይመዝገብ፤ መክፈል ለማይችሉት መንግሥት መዋጮውን የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ የልየታ ዝርዝራችሁን ከቃለ ጉባኤው ጋር ለወረዳው አቅርቡ። መታወቂያው መታደሱን በየዓመቱ አረጋግጡ፤ ብዙ ቤት የሚወድቀው ሳያድስ በቀረበት ዓመት ነው።

ሁለተኛው መሬት ነው። በእኩል የሰጠችውን መሬት አራሹ «የእኔ ነው» ብሎ የሚከራከራት ሴት በየጎጡ አለች። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ስሟና ፎቶዋ መኖሩን እዩ፤ ባል ካላትም የሁለቱም ስም መሆን አለበት። የእኩል ውሉ በጽሑፍ፣ ከሁለት ምስክር ጋር፣ ውሉ ለስንት ዓመት እንደሆነ ተጠቅሶ ይፈረም፤ አንዱ ቅጂ በእሷ እጅ፣ ሌላው በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ዘንድ ይቀመጥ።